መብራት ጠፍቶ ያነበብኩት ሰሌዳ

ዓይኑ እየደከመበት «ደኅና ነኝ» የሚል ሰው በአጠገባችሁ ካለ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት። ራሱ ያንብበው አላልኩም፤ ማንበብ ቢችልማ ለእሱ ብዬ ባልደከምኩ። እኔም እንደዚያ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያውም ለሐኪም።

የምኖረው ስማዳ ነው፤ ከወገዳ ጠዋት የተነሣ ሰው ለምሳ በእግሩ የሚደርስባት አንዲት የገጠር ደብር። ሥራዬ የድጓ መምህርነት ነው። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ድጓ ዓመቱን ሙሉ በቤተ ክርስቲያን የሚዜመው የዜማ መጽሐፍ ነው። ከፊደሉ በላይ ዜማው የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ የሚያሳዩ ምልክቶች አሉት። ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ እያልን እንጠራቸዋለን፤ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጡም። ተማሪው ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ መምህሩ ምልክቱን አንድ በአንድ አይቶ ያርምለታል። ከዚያ ወዲያ ነው ተማሪው መጽሐፉን ይዞ የድጓ ምስክር ወደሚሰጥባት ወደ ቤተ ልሔም ደብር ወርዶ የሚያስመሰክረው። እኔም በጎልማሳነቴ ያስመሰከርኩት እዚያው ነው።

ዜማውን በቃሌ አውቀዋለሁ። የተማሪን ስሕተት ጆሮዬ ከደጅ ይይዘዋል። ጽሑፍ ለማረም ግን ጆሮ አይበቃም። ዓይን የሌለው የድጓ መምህር ወንበሩ ላይ ይቀመጥ ይሆናል እንጂ ተማሪ ለምስክር አያደርስም። በዚህ ሕመም ምን ሊቀርብኝ እንደነበር እንድታውቁልኝ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የማወራው።

ዓይን ስል አንዱን ማለቴ ነው። ግራው ገና ልጅ ሳለሁ ነው የጠፋው። አውድማ ላይ ገብስ ሲበራይ እብቅ ገባበት፣ አሸሁት፣ ቆሰለ፣ ነጭ ሆኖ ቀረ። ያ በቀኙ ተችሎ ኖሮ ሲያበቃ በስተርጅና ቀኙ ላይ ሞራ ወጣ። ያን ጊዜ ደብረ ታቦር ወርጄ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ሞራውን አውጥተው በምትኩ ሰው የሠራው ትንሽ ሌንስ አስገቡልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ሁለት ዓመት ያህል እንደ ልጅ ዓይን አየሁበት። የሕክምናውን ነገር በዚያው የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ሕመም የመጣው ሳያመኝ ነው። አይቆረቁር፣ አይቀላ፣ እንባ የለው። በአንድ የበዓል ዋዜማ ማኅሌት ቆመን ጧፉን ሳየው ብርሃኑ ሰፍቶ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶብኛል። የሰው ፊት በብርሃኑ ውስጥ ይሟሟል። ጭሱ ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ከመጽሐፉ ላይ ምልክቶቹ ጠፉ። ፊደሉ አለ፣ ምልክቱ የለም። ቆይቶ ፊደሉም እንደ ደረቀ የውሃ እድፍ ሆነብኝ። ክረምት ሲሆን ጉና ተራራ ላይ የሚወርደውን ጉም የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሰውየው ከፊትህ ቆሞ ድምፁን ብቻ ትሰማለህ። እኔ ግን ጉሙን በጋውንም ይዤው ዞርኩ።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ጤና ኬላ ሄጄ ትራኮማ ይሆናል ተባልኩና ቅባት ተሰጠኝ፤ ቅባቱ ጉሙን አወዛው እንጂ አላነሣውም። ንፋስ መውጫ ገበያ ላይ መነጽር ከሚያዞር ሰው አንድ መነጽር ገዛሁ። እየሞከርኩ «ይሄኛው ይሻላል» ያልኩት ሰውየውን ላለማሳፈር ነው። ጠበልም ተጠመቅሁ። እዚያ ያሉት አባት ፊቴን በእጃቸው ዳሰው «ልጄ፣ ጠበሉንም ተጠመቅ፣ ሐኪሙንም ጠይቅ፤ ሁለቱም የእሱ ናቸው» አሉኝ። የመጀመሪያውን ይዤ ሁለተኛውን ረሳሁት።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ የተስማማበት ነገር ቢኖር ሞራው ተመልሶ በቅሏል የሚለው ነው። ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ደግሞ ገበሬ ነው፣ ነገር ሲያስብ እንደ እርሻው ቀጥ አድርጎ ነው። «አንዴ ነክተውት ሁለት ዓመት ሰጡህ። ሁለተኛ ቢነኩት ምን ይተርፋል? አንድ ነው ያለህ፤ የቀረችህን ጭላንጭል ይዘህ ተቀመጥ» አለኝ። ጨረር የሚባል ነገር እንዳለና ዓይን እንደሚጠብስም ከገበያ ሰምቶ መጥቶ ነገረኝ። እውነቱን ልናገርና ምክሩ ደስ አለኝ። ፈርቼ ነበራ።

በቃል ማወቅ ጥሩ መሸሸጊያ ነው። ማኅሌት ላይ መጽሐፉ ከፊቴ ይዘረጋል፣ በየተራው ገጽ እገልጣለሁ፣ ከአፌ የሚወጣው ግን ከልጅነቴ የተቀመጠው ነው። ሰው በድምፁ እለያለሁ። መቋሚያዬ ለማኅሌቱ ዝማሜ መሆኗ ቀርቶ መንገድ ጠያቂ ሆነች። ማንም አላወቀብኝም ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ችግሩ ምሕረቱ ላይ ነበር። ምሕረቱ ከጋይንት የመጣ ደቀ መዝሙሬ ነው፤ ዲያቆን ነው፣ ጢም ያወጣ ጎልማሳ። ድጓውን በብራና ነው የሚጽፈው፤ ብራናውንም ራሱ ፍቆ ራሱ ወጥሮ ነው ያዘጋጀው። አንድ ጥራዝ በጨረሰ ቁጥር ያመጣና «የኔታ፣ ይመልከቱልኝ» ይለኛል። «አስቀምጠውና አዚመው» እለዋለሁ። ያዜመዋል፣ ምንም እንከን የለውም። «በል ደኅና ነው፣ ምልክቱን በኋላ አየዋለሁ።» ጥራዙ መደቡ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ይደረደራል። ከእሱ በኋላ የመጡ የሌላ ጉባኤ ተማሪዎች አስመስክረው ሲመለሱ እሱ እኔ ጋ ቀረ። አንድ ቀን እንኳ «መቼ ያዩልኛል?» ብሎኝ አያውቅም። «ይቆያል የኔታ፣ አይቸኩሉ» ነው የሚለኝ። ይህ ትዕግሥቱ ያንገበግበኝ ነበር፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቀጥሎ ቄስ ገበዙ መጡ። የደብሩ አስተዳደር የእሳቸው ነው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ብዙ ካወሩ በኋላ «የኔታ፣ እስቴ አንድ ደኅና መምህር አለ ይላሉ። መጥቶ ቢያግዝዎ፣ እርስዎ ትንሽ ቢያርፉ ብለን ነበር» አሉኝ።

«ማን ደከመ አለዎት?»

«ኧረ ማንም አላለም።»

«እንግዲያው ማንን ነው የምታሳርፉት?»

ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው ያዩኝ መሰለኝ፤ በምን አውቃለሁ፣ መሰለኝ እንጂ። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ፣ እኔ ደጅ ፀሐይ ስሞቅ፣ ተማሪ በአጠገቤ ሲያልፍ ለይሉኝታ ጉልበት ሲስመኝ ታየኝ። ያ እንዲታየኝ ደግሞ ዓይን አላስፈለገኝም።

በዚህ መሃል ነው የዓይን ሐኪሞች ወገዳ መጥተዋል የተባለው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰው ይመረምራሉ፤ የባሰበትን ለይተው ወደ ከተማ ይልካሉ። ባለቤቴ አዛለች ሳትነግረኝ ስሜን አስመዝግባ ኖሯል፤ ወሰደችኝ። ወረፋው ረጅም ነበር። ከፊት ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ላይ እንደ ሚዶ ጥርስ ያለው አንድ ዓይነት ምልክት አለ፤ አንዱ ወደ ላይ ዞሯል፣ አንዱ ወደ ጎን፣ ከላይ ትልልቅ፣ ወደ ታች እያነሰ የሚሄድ ነው። ይህንንም ኋላ ሲነግሩኝ ነው ያወቅሁት። ሰዉ እየተጠራ ጥርሱ የዞረበትን ይናገራል፤ «ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ግራ፣ ታች…»

አሁን እኔን ምን ነካኝ? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ዋሽተሃል የሚለኝ ሰው የቃል ትምህርት አያውቅም። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ መጽሐፍ በሌለበት፣ በጨለማ፣ መምህሩ አንድ ጊዜ ያለውን ተቀብለን መልሰን በማለት ነው ያደግነው። ከፊቴ ሰው ተራ ይዞ ሲናገር ጆሮዬ ዝም ብሎ አይሰማም፣ ያጠናል። ተራዬ ደርሶ ስቀመጥ ሰሌዳው ከነመስመሩ ሆዴ ውስጥ ነበር። ወጣቱ በዘንግ ገና የመጀመሪያውን ሲያመለክት «ቀኝ» አልኩ፤ ከዚያማ ማን ያቁመኝ፣ እስከ መጨረሻዋ አወረድኩት። ሲጠየቁ አላውቅም ማለት በእኛ ቤት ነውር ነው፤ አፌም የለመደውን አደረገ።

ልጁ ሳቀና «አባባ፣ የእርስዎ ዓይን ከእኔም ይሻላል። ዕድሜ ነው፣ ለማንበቢያ መነጽር ይግዙ» ብሎ አሰናበተኝ። በልጁ አልፈርድም፤ ያ ሁሉ ሰው ከጀርባዬ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ እኔ ደግሞ አንዲት አልሳትኩም። ደሳለኝ ሲሰማ «አላልኩህም?» አለኝ። ቄስ ገበዙም ስለ እስቴው መምህር ማንሣት ተዉ። ከሐኪም አፍ የወጣ ምስክርነት ይዤ ከነጉሜ ቤቴ ገባሁ።

አዛለች ግን «እሰይ» አላለችም።

መስከረም ላይ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የገዛ ቤቴን አለፍኩት። መንገዱን እግሬ ያውቀዋል ብዬ ነበር፤ ለካ አጥሩ ፈርሶ ኖሮ መቋሚያዬ የለመደችውን አጣች። የጎረቤታችን ባቄላ ውስጥ ገብቼ ወዲያ ወዲህ ስል ሰብሉን ረመረምኩት። ጎረቤታችን ወጥታ እጄን ያዘችና «ይምጡ የኔታ፣ በዚህ በኩል ነው» ብላ እንደ ሕፃን ስትስበኝ አዛለች ደጅ ቆማ አየችኝ።

በማግሥቱ ስንቅ ስትቋጥር ሰማሁ። «የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«ባሕር ዳር። እርስዎና እኔ።»

«ሐኪም ደኅና ነው ብሎኛል አይደል?»

«ሐኪሙ ያለውን እኔም ሰምቻለሁ። ያየሁትን ደግሞ እኔ አይቻለሁ።»

ደሳለኝ ይህን ሲሰማ እየሮጠ መጣና ተጣሉ። «አንድ ዓይኑን በጨረር አስጠብሰሽ ዕውር መሪ ልትሆኚ ነው?» አላት። «አሁንስ ምን ያያሉ ብለህ ነው ደስ ያለህ?» አለችው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም ነበር። ጊደራችንን ሸጥን። ልንነሣ ስንል ደሳለኝ መኪናው ድረስ ሸኘን፤ የራሱን ጋቢ አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለው። ከነቁጣው ወንድም ነው።

ከወገዳ እስከ ንፋስ መውጫ በአይሱዙ ላይ ተንገጫግጨን፣ ከዚያ በሚኒባስ ወረድን። አዛለች መንገዱን ሁሉ ያየችውን ትነግረኝ ነበር፤ ገብሱ አሽቷል፣ እዚህ ድልድይ ሠርተዋል፣ ውሃው ሰፊ ነው። «አያለሁ» እላታለሁ። «እሺ» ትለኛለች።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ረጅም አግዳሚ አለ። ዓይኑ በጨርቅ የታሸገ፣ በሰው ትከሻ የሚመራ፣ ሁሉም ወደ አንድ በር ጆሮውን ጥሎ ይጠብቃል። የሚጠብቅ በሽተኛ ብዙ አያወራም፤ ከበሩ የሚወጣውን ሰው እርምጃ ነው የሚያዳምጠው፤ ፈጥኖ ወጣ ወይስ እየተጎተተ። ከአጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ሴት በአንድ ዓይኗ ላይ ፋሻ ነበረባት። የሽምብራ ቆሎ ከመዳፏ ወደ መዳፌ አፈሰሰችልኝና «አይፍሩ አባ፣ እኔም እንዲህ ስፈራ ነበር» አለችኝ። መፍራቴን በምን እንዳወቀች እንጃ፤ ቆሎው ግን እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

በሩ ክፍት ነው። ከውስጥ ደግሞ ያው ንባብ ይሰማል፤ «ላይ፣ ላይ፣ ቀኝ፣ ታች…» ከወገዳው የተለየ ተራ ነው። ተጠርቼ ስገባ፣ ሳላስበው ይህኛውም ሆዴ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ነርሷ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ ግራ ዓይኔን ሸፈነችው። አዛለች በሩ ሥር ቆማለች። ሰሌዳው ይህኛው ከውስጡ መብራት የሚበራበት ሳጥን ነው አሉ፤ ለእኔ አንድ ነጣ ያለ ነገር ብቻ ነበር። «ከላይ ይጀምሩልኝ» አለችኝ። ጀመርኩ። እኔ ቃል ስወርድ አንገቴን ደፍቼ ዓይኔን የመጨፈን ልማድ አለኝ፤ እዚያም እንደዚያው አደረግሁ መሰለኝ። ሁለተኛውን መስመር አልኩ፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ጨረስኩ።

«አባባ» አለች ነርሷ በቀስታ፣ «የመጨረሻዎቹን ከየት አመጧቸው?»

«ከሰሌዳው ነዋ።»

«ሰሌዳው እኮ ጨለማ ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ እያሉ መብራት ሄዷል።»

ቀና አልኩ። ነጣ ያለው ነገር የለም። ፊቴ ላይ ሙቀት ሲወጣ ተሰማኝ። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ጥምጣም፣ በሌለ መብራት ያነበብኩ መምህር። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረና ተወው።

አዛለች መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። እጄን ያዘች። በትዳር ዘመናችን ሁሉ እንዲህ በሰው ፊት እጄን ይዛኝ አታውቅም።

«መሪጌታ፣ አያዩም አይደል?» አለችኝ።

ያን ጥያቄ ቤታችን ውስጥ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሁሉም በዙሪያው ይሄድ ነበር።

«አላይም አዛሉ» አልኳት። «ከቆየ ቆይቷል፤ አላይም።»

ይህን ቃል ተናግሬ ያለቀስኩት ልቅሶ ከዓይን ሕመሙ ይልቅ ሸክም ሆኖብኝ የኖረውን ነገር አወረደልኝ። ነርሷም አልቸኮለችብኝም። ቆይታ ጣቶቿን ፊቴ ላይ አንሥታ «ስንት ናቸው?» አለችኝ፤ በጣም ስታስጠጋ ብቻ ቆጠርኳቸው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ያ ነው፤ እውነቱ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ጄነሬተሩ ተነሥቶ በመሣሪያ አገጬን አስደግፋ ዓይኔን መረመረችና «ሞራው አልተመለሰም። አንዴ የወጣ ሞራ አይበቅልም» አለችኝ። «ሌንሱን የሚይዘው ስስ ከረጢት አለ፤ ሞራውን ስናወጣ እሱን እንተወዋለን። ከጊዜ ብዛት የከረጢቱ ጀርባ ይደፈርሳል። የእርስዎ የደፈረሰው እሱ ነው። ከኋላው ያለው ዓይንዎ ደኅና ይመስለኛል።»

«መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«ሌዘር የሚባል ብርሃን ነው። ቢላ የለውም፣ ስፌት የለውም። ከደፈረሰው ስስ ነገር መሃል ላይ ትንሽ መስኮት እንከፍታለን።»

«ዓይኑን አይጠብሰውም?»

«አይጠብሰውም።»

«ቢበላሽስ? እኔ ሌላ የለኝም ልጄ።»

ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። አለመቸኮሏን ወደድኩላት። «አልፎ አልፎ የዓይን ግፊት ይጨምራል፤ ለእሱ ጠብታ እንሰጣለን። ከስንት አንዱ ላይ ደግሞ የዓይኑ ውስጠኛ መጋረጃ ሊላጥ ይችላል። አይሆንም ብዬ አልምልልዎትም። ብንተወው ግን እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይሻልም። አስበውበት ይንገሩኝ» አለችኝ።

ለመሣሪያው የጄነሬተሩ ኃይል አይታመንም ብለው ለነገ ቀጠሩን። ያረፍንበት ቤት አልጋ ላይ ስገላበጥ የደሳለኝ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። ጭላንጭልም ቢሆን ጧትና ማታን እለይበታለሁ፤ ነገ እሱም ቢሄድስ? አዛለችም እንዳልተኛች ከትንፋሿ አወቅሁ። «ፈርቻለሁ» አልኳት። ቀኑን አንዴ እውነት ተናግሬ ለምጄ መሰለኝ ቀለለኝ። «እኔም ፈርቻለሁ። አብረን እንፈራለን» አለችኝ። ሁለታችንም ከዚያ ወዲያ ተኛን።

ጠዋት መብራቱ መጥቶ ጠበቀን። የዓይኔን ብሌን የሚያሰፋና የሚያደነዝዝ ጠብታ አደረጉልኝ። አገጬን ደገፍኩ፣ ግንባሬን በማሰሪያ ያዙት። «አይንቀሳቀሱ፣ አይናገሩ» አለችኝ ሐኪሟ። ቀይ ነጥብ ብርሃን አየሁ፤ ከዚያ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ይመጣ ጀመር። ሕመም አልነበረውም። በልቤ ድጓ ይዤ ነበር፤ አንዱን የዋዜማ ዜማ ጀምሬ ሳልጨርሰው «በቃ አባባ፣ አልቋል» አለችኝ። ይህን ነው እንግዲህ ያን ያህል የሸሸሁት።

ወዲያው አላየሁም፤ ይህን የምነግራችሁ እንዳትደነግጡ ነው። ጠብታው ብሌኑን ስላሰፋው ቀኑን በብርሃን ስታወር ዋልኩ። ዓይኔ ውስጥ ትንኝ የሚመስሉ ነገሮች ሲዋኙ ነበር፤ የተበሳው ነገር ፍርፋሪ ነው፣ እየቀነሰ ይሄዳል አሉኝ፣ እንዳሉትም ሆነ። የመብረቅ ብልጭታ ከታየዎት ወይም ጥቁር መጋረጃ ከወረደብዎት ግን አንድ ቀን ሳይውሉ ይመለሱ ብለው ደጋግመው አስጠነቀቁኝ። እኔም ለእናንተ ደግሜዋለሁ።

በማግሥቱ ከአልጋ ስነሣ አዛለች ጀርባዋን ሰጥታኝ ነጠላዋን ታጣፋ ነበር። የነጠላው ጥለት አረንጓዴ ነው። ጥለቱን አየሁት፣ ከጥለቱ ውስጥ ያለችውን ቀጭን ቢጫ መስመርም አየኋት። ዞር አለች።

«ፀጉርሽ መቼ ነው እንዲህ የሸበተው?» አልኳት።

እጇን ወደ ራሷ ሰደደችና ቆመች። «እርስዎ ዜማ ላይ ሳሉ ነው» አለችኝ። ከዚያ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። እኔም ያን የሸበተ ፀጉር እያየሁ ተቀመጥኩ። ከዚያን ቀን በፊት እሷን ማየት የናፈቀኝ አይመስለኝም ነበር፤ የናፈቀኝ ምልክቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሆስፒታል ስንመለስ ነርሷ ገና ስታየኝ ሳቀች። «ዛሬ በእኔ ፈቃድ ነው የሚያነቡት» ብላ ዘንጓን አንዴ ከታች፣ አንዴ ከመሃል፣ አንዴ ከዳር ታሳርፋለች። አንዳንዷ ላይ «ይቺ አትታየኝም» አልኳት። አትታየኝም ማለት እንዲህ ቀላል ኖሯል።

ምክሬ ይህ ነው፤ ረጅም አይደለም። ሞራ ወጥቶለት ደኅና ያየ ሰው ተመልሶ ቢጋርደው ዓይኔ አበቃለት ብሎ አይቀመጥ። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ደግሞ የማያየውን አላይም ይበል። ሐኪም የሚያክመው የነገሩትን ነው፤ እኔ ደኅና ነኝ ብዬ ነገርኩት፣ ደኅና ነህ ብሎ ሸኘኝ።

ቤቴ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ጥምጣሜን እንኳ ሳልፈታ ምሕረቱን አስጠራሁት። «ጥራዞችህን አምጣቸው» አልኩት። ከመደቡ ላይ አንሥቶ በሁለት እጁ አቀረበልኝ። ደጅ ብርሃኑ ላይ ተቀመጥኩና የመጀመሪያውን ገለጥኩ። ጽሕፈቱ ንጹሕ ነው፣ ምልክቱም ትክክል ነው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን እያልኩ አንድ ሁለት ቦታ አረምኩት። ከዚያ በኋላ ያሉትን ስገልጥ ግራ ገባኝ። መስመሩ ተራርቋል። ምልክቱ ገዝፏል። የሚቀጥለው ጥራዝ ላይ ደግሞ ይብስ ገዝፏል። የመጨረሻው ላይ ድፋቱ የሽምብራ ፍሬ ያክላል፣ ርክርኩ ከፊደሉ በልጧል፤ አንድ ገጽ ላይ መዋል የሚገባው ሁለት ገጽ ፈጅቷል። ያን ሁሉ ብራና የፋቀው እሱ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት። «እንዲህ የሚጽፍ ሰው የት አይተሃል?»

ጥራዞቹን ያስተካክል ጀመር።

«አንተን እኮ ነው።»

«ምናልባት ቢታይዎት ብዬ ነው የኔታ» አለኝ፤ አንገቱን እንደደፋ።

ማንም አላወቀብኝም ስል የኖርኩት ሰውዬ ብራናውን ጉልበቴ ላይ ይዤ ቀረሁ። ከጥራዝ ጥራዝ ዓይኔ እየደከመ ሲሄድ እሱ እየተከተለ ምልክቱን ሲያሳድግልኝ ኖሯል፤ መቼ ያዩልኛል ሳይለኝ። ጉባኤ ቤቱ ደጅ ያሉት ሌሎቹም ተማሪዎች ጥናታቸውን አቁመው ወደ እኛ ያያሉ። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁት። ሁሉም ያውቁ ነበር።

ከዚያ የመጨረሻውን ጥራዝ አጥፌ መለስኩለት።

«ይህ ለምስክር አይቀርብም፤ ሌላ ብራና ወጥር» አልኩት። «አሳንሰህ ጻፈው። ይታየኛል።»